አባባ የዋጡት ሾርባ

ይህ ነገር ሲደርስ ጨለማ አልነበረም።

መብራት አልጠፋም። ነፋስ አላፏጨም። ውሻም አላላዘነም። እሑድ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የአባታችን መኝታ ክፍል መጋረጃው ተከፍቶ፣ ፀሐይዋ ብርድ ልብሱ ላይ እስከ ጉልበታቸው ድረስ ደርሳ ነበር።

ማመን ያልፈለገ አይመን። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ እንጀራዬ ማየትና መለካት ነው። ያየሁትንና የለካሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

አንድም ነገር ሳይለወጥ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር...

ከአልጋው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ነገሮች አሉ። አንድ ሳህን የካሮት ሾርባ። የወጥ ቤት ሚዛን። እና የአባባ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ።

ሾርባው፣ ያለ ሳህኑ፣ ሁለት መቶ ስድሳ ግራም ነው። አባባን የምትከታተለው ነርስ «የሚዋጠው ሁሉ ይመዘን» ብላ ስላዘዘች ሚዛኑ ከክፍሉ አይወጣም።

ማንበቢያዋ መቶ ዘጠና ግራም ናት። ይህም ግምት አይደለም። ስገዛላቸው እጃቸው እንዳይዝል ብዬ እዚያው ሚዛን ላይ አስቀምጫት ነበር።

አባባ ደግሞ ከቅዳሜ ምሳ ጀምሮ አፋቸውን ዘግተዋል።

ጥርቅም።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት ቆጣሪ ነበሩ። አውራ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ፣ ወረቀቱን ገለጥ። ነካ፣ ገለጥ። «ሰው ልጁን በላቡ ያሳድጋል፤ እኔ በምራቄ አሳደግሁ» ይሉ ነበር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። እናታችን በሕይወት ሳለች «ኧረ ሰውዬ፣ ማዕድ ላይ ነን!» እያለች ትቆጣቸው ነበር።

ማንበቢያዋን ስሰጣቸውም ጣታቸውን ላሱ።

«አባባ፣ ይህ እኮ ስክሪን ነው። ምራቅ አይፈልግም።»

«ያልረጠበ ጣት ሁለት ገጽ ይገልጣል» አሉኝ።

በኋላ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸው ተያዘ። ምግብም እምቢ አሉ። ማንበቢያዋ ፊታቸው ስትቀመጥ ብቻ አፋቸውን ይከፍታሉ።

እትዬ፣ ታላቅ እኅቴ፣ ዘዴ አገኘች። የራሷን አውራ ጣት ወደ ከንፈራቸው ታስጠጋለች። እሳቸው ይልሱላታል። በዚያ በረጠበ ጣት ገጹን ትገልጣለች። ከዚያ አንድ ማንኪያ ይውጣሉ።

አንድ ገጽ፣ አንድ ማንኪያ።

እኔ በየቀኑ የሰው ሽንትና ሰገራ የምመረምር ሰው ነኝ። ያችን ጣት ግን ማየት አልችልም ነበር። 

ቅዳሜ ምሳ ላይ ገጹ አልገለጥ አለ። ማንበቢያዋ ደርቃ ቀረች። አባባም ከእሷ ጋር።

«እስካሁን እንደቆመች ነው?» አልኩ እሑድ ጠዋት፣ በሹክሹክታ።

«ይኸው። ስልሳ አንድ በመቶ ላይ። ነካካኋት፣ ደባበስኳት፣ ለመንኳት...»

«ለመንሻት?»

«አዎ፣ ለመንኳት! ነርሷ ያለችውን ረሳሽው? ዛሬ ካልዋጡ ነገ በአፍንጫ ቱቦ ነው። ያን ቱቦ ባለፈው ነቅለውት ደማቸው ሲፈስ አይተሻል። ሁለተኛ አይችሉትም።»

አየኋቸው። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ዓይናቸው ማንበቢያዋ ላይ ተተክሏል።

አነሣኋት።

ጣቴ ተጣበቀ።

ስክሪኑ የደረቀ ምራቅ በላይ በላዩ ተደራርቦበታል። ቀንድ አውጣ ሲመላለስበት የከረመ መስታወት ይመስላል። በአልኮል በነከርኩት ጥጥ ጠረግሁት። ጥጡ ቢጫ ሆነ። ሌላ ጥጥ። እሱም ቢጫ። ሦስተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ።

የዚህ ዓይነት ስክሪን ኃይል ባይኖረውም የመጨረሻውን ገጽ እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ የደረቀውና የሞተው አይለዩም። ሁለቱም ዝም ብለው ያፈጡባችኋል።

የማብሪያ ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። ምንም።

ለቀቅሁና እንደገና ያዝኩ። ምንም።

ከዚያ... ስክሪኑ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አየሁ። እርጥብ። አዲስ።

ጠረግሁት። አልሄደም።

በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። መስታወቱ ደረቅ ነው።

እርጥበቱ ከመስታወቱ በታች ነበር።

ለእትዬ አልነገርኳትም። ለሰፈሩ ሞባይል ጠጋኝ ደወልኩ። ፕሮፌሰር ነው የምንለው።

«ማንበቢያዋ ቆማለች።»

«ቆማለች ወይስ ሞታለች?»

«እሱን ነው የምጠይቅህ።»

«እሺ። ሌላ ኬብል ፈልጊና ቻርጅ ላይ ሰኪያት። ቁልፉን ተጭነሽ ያዢ። ብልጭ ስትል እንዳትለቂ፤ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚቸኩለው። ትጠቁራለች፣ ትነጣለች። ያኔ ትለቂያለሽ።»

«እርጥበት የገባባትም ይመስለኛል።»

«የሽማግሌውን ምራቅ እንዳትዪኝ ብቻ! ባለፈው ስጠርግላችሁ ምሳዬን አልበላሁም።» ሳቀ። «ካልሆነ ሩዝ ውስጥ ቅበሪያት። እሷም ትጥገብ!»



ኬብሉን ሰካሁ። ግማሽ ድረስ ገብቶ እንቢ አለ። መልሼ ሳብኩት።

ከጫፉ ጋር ክር ወጣ።

ወፍራም፣ የሚያንጸባርቅ የምራቅ ክር... ኬብሉን ወደ ላይ ሳነሣው ተከተለኝ። እስከ ደረቴ ድረስ ተሳበ። አልተበጠሰም። ሽታው ያልታጠበ የጠዋት አፍ ነው።

«ምንድን ነው?» አለች እትዬ።

«ቆሻሻ ነው።»

ክሩን በጥጥ ቆረጥኩት። ቀዳዳውን ላጸዳ ቀጭን የእንጨት ስንጥር አስገባሁ። ከዚህ በፊት ሠላሳ ጊዜ ያደረግሁት ሥራ ነው፤ የላቦራቶሪ ዕቃም የሚጸዳው እንደዚህ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ብረትና ፕላስቲክ ብቻ ነው።

ስንጥሩን አንድ ነገር ከውስጥ ያዘው።

በኃይል አይደለም። በቀስታ... ጠባ አደረገው። ጣት አፉ ውስጥ የከተቱበት ጨቅላ እንደሚያደርገው።

 

ስንጥሩን አውጥቼ ጣልኩና ኬብሉን ሰካሁ። አሁን ገባ። ቁልፉን ተጫንኩ። በአውራ ጣቴ ሥር እንደ ድድ ለስላሳ ሆኖ ወደ ውስጥ ሰረገ።

ብልጭ አለች። አልለቀቅሁም።

ጠቆረች።

ነጣች።

«ግልግ...»

የሰማሁት ድምፅ ይህ ነው። ደረቅ ጉሮሮ መጀመሪያ ሲውጥ የሚያሰማው። ከእጄ ነው የወጣው።

ለቀቅሁ። ገጹ ተመለሰ። ስልሳ አንድ በመቶ።

አባባ አፋቸውን ከፈቱ።

«እሰይ!» እትዬ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እሰይ የኔ አባት! አንቺ፣ እጅሽ ይባረክ! ያዢላቸው፣ ያዢላቸው፣ እንዳትነቃነቂ!»

ማንበቢያዋን ፊት ለፊታቸው ያዝኩ። እትዬ አውራ ጣቷን አስጠጋች። አባባ ምላሳቸውን አወጡና ላሱት።

ጣቷ አልረጠበም።

እሷ ሳትነካው ገጹ ራሱ ተገለጠ። ከመስታወቱ በታች ያለው አሻራ ከቀኝ ወደ ግራ ተንሸራተተ... ነካ፣ ገለጥ።

«አየሽ? መሥራት ብቻ አይደለም፣ ፈጥናለችም!» አለች እትዬ፤ ማንኪያውን ቀድማ ሞልታ ነበር።

አንድ ማንኪያ። ገባ። አፋቸው ተከፈተ።

ሌላ። ገባ። ተከፈተ።

ከስትሮኩ ወዲህ እንዲህ በልተው አያውቁም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ዓይኔ ልማዱ ነው፤ ሌላው ሳህኑን ሲያይ እኔ ጉሮሯቸውን አየሁ።

የሚውጥ ሰው ማንቁርቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ይወርዳል። የሕፃንም፣ የሽማግሌም።

የአባባ አልተንቀሳቀሰም።

ማንኪያው አፋቸው ውስጥ ሲገባ... እጄ ውስጥ ነው «ግልግ» የሚለው።

«እትዬ» አልኩ በሹክሹክታ። «ጉሮሯቸውን እዪው።»

«አንቺ ሳህኑን እዪው!»

«አይነሣም እኮ።»

«ወይ አንቺ! ደስታ የማይዋጥልሽ ፍጥረት!»

«አባባ... እስቲ አፍዎን እንደከፈቱ ይቆዩልኝ።»

የስልኬን መብራት አብርቼ ጠጋ ብዬ አፋቸው ውስጥ አየሁ። ማንኪያው ገና መውጣቱ ነው። የካሮት ቀለም ሊኖር ይገባል፤ ጥርስ ሥር፣ ጉንጭ ውስጥ፣ ምላስ ላይ።

ምንም የለም።

ደረቅ ነው። ምላሳቸው ፀሐይ ላይ እንደተረሳ ወረቀት ተሰነጣጥቋል። ብን ያለ አቧራ ነገር ተቀምጦበታል።

እጄ ውስጥ ያለችው ግን ሞቃለች። የሰውነት ሙቀት ነው፤ መሳሳት የለም። ጀርባዋ ትንሽ ተነፍቷል። ስጫነው ይገባል፤ ስለቀው ይመለሳል። ልክ እንደ ጠገበ ሆድ።

ከቻርጀሩ ቀዳዳ አንድ ጠብታ ወጣች። ብርቱካናማ። ጥጥ አስጠጋሁ። ሌላ ጠብታ፣ ደግሞ ሌላ... ከሦስተኛው ጋር የጥፍር ቁራጭ የምታህል የላመች ካሮት ተንሸራታ ጥጡ ላይ ወደቀች።

ገና ትሞቃለች።

ጣቴ ወደ ማጥፊያው ሄደ።

የአባባ ከንፈር ወዲያው መገጣጠም ጀመረ። ዓይናቸው ከስክሪኑ ተነሥቶ እኔን አየ። ይለምን ይሁን ይቆጣ አላውቅም። እንባ ሊያቀርር የሚገባው ዓይን ነበር፤ እሱም ደርቋል።

እትዬ የእጄን አንጓ ያዘች። አጥብቃ።

«እንዳትነኪያት።»

«ወደ እሳቸው እየገባ አይደለም።»

«ታዲያ ወዴት ነው የሚገባው? አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ እስቲ፤ ወዴት ነው?»

 ጣቴን ከማጥፊያው አነሣሁ።

የአባባ አፍ እንደገና ተከፈተ።

«ይኸው!» አለች እትዬ። «ይበላሉ። ቱቦ የለም። የምን ጣጣ ነው የምታመጪው? ድስቱ ውስጥ ሌላ አለ፤ ላሙቅላቸው።»

ሳህኑን ሚዛኑ ላይ አስቀምጣልኝ፣ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። የድስቱ ክዳን ሲንኳኳ ይሰማኛል። ትዘምራለች።

እኔና አባባ ቀረን። አፋቸው እንደተከፈተ ነው። ትንፋሻቸው ሲገባና ሲወጣ ይንኮሻኮሻል፤ ወረቀት እንደሚገለጥ።

ሳህኑ ውስጥ የቀረው ሾርባ ሃያ ግራም ነበር። እንግዲህ ሁለት መቶ አርባ ግራም ተውጧል።

ሳህኑን አወረድኩ። ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለስኩ።

ኬብሉን ከማንበቢያዋ ነቀልኩ፤ ክሩ አብሮ ወጣ፤ ቆረጥኩት። ጀርባዋን ወደ ታች አድርጌ ሚዛኑ ላይ አስተኛኋት። ገጽዋ ላይ ያለው እርጥብ አሻራ ቆሞ ይጠብቃል።

አራት መቶ ሃያ ሰባት።

መቶ ዘጠና የራሷ፣ ሁለት መቶ አርባ የሾርባው፤ ሦስት ግራም ይጎድላል። እዚያች ሦስት ግራም ላይ ተንጠለጠልኩ። ተሳስቻለሁ፣ ሂሳቡ አይገጥምም፣ ስለዚህ ያየሁት ሁሉ ውሸት ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ በግራ እጄ የጨበጥኩት ነገር አሁንም እንደሚሞቅ ተሰማኝ። ጥጡ ነው። ደረቅ ሳለ ሚዛኑ ቁጥር የማይሰጠው፣ ኢምንት ጥጥ።

ከነካሮቱ ማንበቢያዋ ላይ አስቀመጥኩት።

አራት መቶ ሠላሳ ግራም።