ቁስል የማይታይበት ሕክምና

የስምንት ዓመቷ ማኅሌት ብልባላ በሚገኘው የአባቷ ቤት፣ መደብ ላይ፣ በነጭ ጋቢ ተሸፍና ተጋድማለች። ሬሳው ሊነሳ ሲል አክስቷ ገለቴ «የእንጀራ እናቷ መርዛታለች» ብላ ቀብሩን አስቆመችው። ኢንስፔክተር የትናየት ከላሊበላ ስትደርስ ግቢውን የሞላው ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ጨቅላዋን ታቅፋ ወደተቀመጠችው አራስ፣ ወደ ፋና ይመለከት ነበር። አንዳንዱ እጇ ታስሮ ትሂድልን ይላል።

ማኅሌት ልቧ ላይ ቀዳዳ ይዛ የተወለደች ልጅ ነበረች። በቅርቡ አባቷ ምሥጋናው አዲስ አበባ ወስዷት፣ ሐኪሞች ደረቷን ሳይከፍቱ በብሽሽቷ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አሳልፈው ቀዳዳውን ደፈኑላት። ተመልሳ ከእኩዮቿ ጋር ስትሮጥ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ክኒን በየቀኑ የምትሰጣት ፋና ነበረች። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ልጅቷ ጥቁር ደም አስመልሳ ሞተች።

የትናየት በመጀመሪያ ፋናን አነጋገረች። ፋና ክኒኑን እንደታዘዘው እንደሰጠቻት፣ ልጅቷ ትናንት እራቷን እንቢ እንዳለች፣ ምክንያቱን ግን እንዳልነገረቻት ተናገረች። ምሥጋናው እህል ሊያመጣ ጋሸና ሰንብቶ ለሬሳ ነው የደረሰው። ክኒኑን እስክትጨርስ ስለት እንዳይነካት፣ ጥርስ እንኳ ሳይጠየቅ እንዳይነቀል ሐኪሙ ማስጠንቀቁን ለሚስቱም ለእህቱ ለገለቴም ነግሮ ነበር። ገለቴ ልጅቷን ሳምንት ሙሉ እንዳላየቻት ምላ ተናገረች።

«ጉሮሮዋን አሟት ምራቅ መዋጥ ላቃታት ልጅ ያንን መድኃኒት በግድ ታስውጣት?» አለች።

የትናየት የጤና ጣቢያውን ነርስ አስጠርታ ሬሳውን በባትሪ መረመሩት። ከዚያ ቤተሰቡን ሰበሰበች።

«መርዝ አይደለም። የልብ ሕክምናውም አይደለም፤ ብሽሽቷ ላይ ያለችው ነጥብ ድናለች። እንጥሏ ግን ተቆርጧል፤ ትኩስ ቁስል ነው። ክኒኑ ደሙን ስላቀጠነው አልቆመም። ስትውጠው አደረች።»

ጉሮሮው ላበጠ ልጅ እንጥል ማስቆረጥ እዚያ ማንም የሚያፍርበት ነገር አይደለም። ማን እንደወሰዳት ግን የሚናገር ጠፋ።

«ፋና አራስ ናት» ቀጠለች የትናየት። «ልጇ ክርስትና ሳትነሳ ከዚህ ደጅ አትወጣም፤ እናንተም አታስወጧትም። ምሥጋናው ጋሸና ነበር። እትዬ ገለቴ፣ ሳምንት አላየኋትም ብለውኛል። ታዲያ ፋና እንኳ ያላወቀችውን የጉሮሮ ሕመም እርስዎ ከወዴት አወቁት?»

ገለቴ መደቡ ላይ ወደተጋደመችው ልጅ ዞረች።

«የራሴን ልጅ እንጥል ወርዶባት፣ ዛሬ ነገ ስል ነው የቀበርኳት። ይችኛዋንም አይቼ ልተዋት? ደረቷን ገልጬ አየሁት፤ ጭረት የለውም። ቁስል ከሌለ ድናለች አልኩ፤ ትናንት እንጥል ቆራጩ አዳም ዘንድ ወሰድኳት።»

«ለፋና ለምን አልነገሯትም?»

«ትቆጣኛለች ብዬ። ልጅቷንም እንዳትናገሪ አልኳት።»

ከመጋረጃው ጀርባ የፋና ድምፅ ተሰማ፤ ዝቅ ያለ ነበር። «አጠገቤ እኮ ነው የተኛችው። ደጋግማ ስትውጥ እሰማታለሁ። ምነው ስላት፣ ምንም አለችኝ።»

ገለቴን ይዘዋት ሲወጡ ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ከደረሰ ጀምሮ ከከሳሾቹ ጋር የቆመው ምሥጋናው መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ጨቅላዋን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ፋና ልጇን ይበልጥ ወደ ራሷ አስጠግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።