ከቀዩ መስመር በላይ

«እህ፣ ምን ይላል?» አለ አባቷ ከዳር ሆኖ።

ማይቴ እስከ ጉልበቷ ጅረቱ ውስጥ ቆማለች። ቴርሞሜትሩን ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጋ አየችው። መልሳ ነከረችው፣ ጠበቀች፣ አወጣችው። ያው ነው። ፈሳሹ አባቷ በእናቷ የጥፍር ቀለም ያሰመረውን ቀይ መስመር አልፏል።

መስመሩ የአባቷ የአንዴር ሕግ ነው፦ ካለፈ ዓሣ አይጠመድም። ውሃው ከዚያ በላይ ሲሞቅ ትራውት የሚባለውን ዓሣ አየር ያጥረዋል፤ መንጠቆ ላይ ታግሎ የደከመ ትራውት ቢለቁት እንኳ ላይተርፍ ይችላል። እነዚህ ደግሞ ከጉሮሯቸው ሥር ቀይ ሰረዝ ያለባቸው፣ ከኔቫዳ በረሃ ጅረቶች ሌላ አገር የማያውቁ ትራውቶች ናቸው። «ባለቤቶቹ እነሱ፣ እንግዶቹ እኛ» ይላል አንዴር።

መነጽሩን መኪና ውስጥ ረስቶታል። ማይቴ ያለችውን ያምናል።

ባለፈው በጋ አልመጡም ነበር። ያን ጊዜ አንዴር ደረቱ ተከፍቶ፣ ልቡ ተጠግኖ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እሷ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ አባቷ ብቻ ይዳን እንጂ ሁለተኛ ምንም አልጠይቅም ብላ ለእግዜር ቃል ገብታ ነበር። ክረምቱን አባቷ ጣቶቹን ለማፍታታት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከላባና ከክር ዝንብ መሳይ የዓሣ ማጥመጃ ሲሠራ ከረመ። «ይቺ ለማይቴ፣ ይቺ ለኔ» እያለ። ዛሬ ከኤልኮ ከተማ በጠዋት ተነሥተው፣ በዚያ አቧራማ መንገድ አያቱ በጎች ሲጠብቁ ያዜሙት የነበረውን የትውልድ አገራቸውን የባስክን ዘፈን እያንጎራጎረላት መጡ። እሷም ያፈረች መስላ ታዳምጥ ነበር።

አሁን የማጥመጃ ዘንጉን ገጣጥሞ ዝንቧን እያሰረ ነው። ፊቱ የበዓል ዋዜማ የደረሰበት ሕፃን ይመስላል። «ደህና ነው» ብትለው ማን ያውቃል? አንድ ዓሣ ብቻ።

«ማይቴዬ፣ እዚያው ተኛሽ እንዴ?»

«አልፏል፣ አባዬ።»

«ብዙ?»

«ብዙ አይደለም። ግን አልፏል።»

አንዴር ውሃውን አየት አደረገ። ከዚያ ዝንቧን ፈታና ባርኔጣው ላይ ሰካት።

«ይቅርታ» አለች።

«ለምኑ? ውሃውን አንቺ አላሞቅሽው።»

«ልዋሽህ ነበር።»

«ገብቶኛል። ያን ያህል ስትነክሪው ጊዜ፣ ሻይ ልታፈዪበት ነው እንዴ ብዬ ነበር።» ሳቀ። «ነይ፣ እስቲ ላይ ያለውን ቀዝቃዛ ምንጭ እንየው።»

ሽቅብ በጅረቱ ዳር ሄዱ። ማይቴ ቀድማ ትሄድና የጫማዋን ማሰሪያ የምታጠብቅ መስላ ጎንበስ ትላለች፤ እሱ ትንፋሹን ሰብስቦ እስኪደርስባት። ከአንድ አኻያ ዛፍ ሥር፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ቀዝቃዛ ውሃ እየመነጨ ጅረቱን ይቀላቀላል። ሁለቱም በደረታቸው ተኙ። መጀመሪያ የታያቸው ጠጠር ብቻ ነበር። ቆይቶ አንዱ ድንጋይ ጭራውን አወዛወዘ። ከዚያ ሌላው። የጅረቱ ዓሣ ሁሉ አፍንጫውን ወደ ምንጩ አዙሮ፣ ወርቃማ ጎኑን እርስ በርስ ገጥሞ ተደርድሯል።

«አሉ» አለ አንዴር በሹክሹክታ።

«አሉ።»

«እኛም አለን» አለ።

ማይቴ ክርኗን ወደ ክርኑ አስጠጋች።

የቋሊማ ሳንድዊቻቸውን እዚያው በሉ። ጥቂት ቆይቶ አንዴር ጉንጩን ክንዱ ላይ እንዳሳረፈ እንቅልፍ ወሰደው። የአኻያው ጥላ ቀስ በቀስ እየሸሸ ሄዶ ፀሐይ ማጅራቱ ላይ ወጣች። እናቷ ሳይመሽ ተመለሱ ብላለች፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ማይቴ ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋች። ጀርባው በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል። እጇን መለሰች።

የእናቷን ቁጣ እሷ ትችለዋለች። ተነሥታ በእሱና በፀሐይዋ መካከል ተቀመጠች፤ ጥላዋ ፊቱና አንገቱ ላይ አረፈ። ፀሐይ በዞረች ቁጥር እሷም ጥቂት ጥቂት ፈቀቅ ትላለች።