የሃይለማርያም ብርጭቆ

ያለምወርቅ ከመተማ ድልድይ ማዶ፣ በሱዳኗ ገላባት ሻይ ትሸጣለች። ሃምሳን አልፋለች። ሃይለማርያም ስድሳ ሞልቶታል፤ ሰሊጥ ሊያጭድ በመጣ ቁጥር ከደጇ አይጠፋም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከአንድ ብርጭቆ ጠጥተዋል፤ ግማሹን እሱ፣ ግማሹን እሷ። ዘንድሮ አጨዳው ሲያልቅ ሊጋቡ ተስማምተዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎረቤታቸው ከጀማሉ ቪዲዮ ቤት አብረው ገቡ። ፊልሙ አገሬው ሁሉ ከልጅነቱ የሰማው የአንድ ሽፍታ ታሪክ ነበር። በጥንቱ ወሬ ሽፍታው ገና በጎልማሳነቱ ዋሻ ውስጥ ይሞታል። ፊልሙ ግን አኖረው፤ ሽበት አልብሶ፣ ምርኩዝ አስይዞ፣ ወንድሟን ወደገደለባት ወዳጁ ደጅ መለሰው። እሷም አርጅታለች። ውኃ ቀድታ ሰጠችው፤ የተረፈውን ራሷ ጠጣችው። ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

ያለምወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ወላሂ፣ የራስሽ ሽማግሌ እያለ ለሰው ሽማግሌ ታለቅሻለሽ!» አላት ጀማሉ።

«ዝም በል አንተ! ይቅርታ ማለት እንዲህ ነው።»

ሃይለማርያም ይህችን ቃል ያዛት። ደጇ ደርሰው ሻይ ስትቀዳለት፣ ሠላሳ ዓመት የዋጠውን አወጣው።

«ያለሜ፣ ጓንግ ወንዝ መልካ ላይ ወንድምሽን ማን እንደገደለው ታውቂያለሽ?»

«አንድ ሽፍታ ነው ይላሉ። ምነው?»

«እኔ ነኝ።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «ወንድሜ መሆኑን መቼ አወቅህ?»

«የአባትሽን ስም የነገርሽኝ ቀን። ያኔ ዓመት አብረን ጠጥተን ነበር። ልተውሽ አልቻልሁም።»

ብርጭቆውን ሰጠችው። ግማሹን ጠጥቶ ሲመልስላት ግን አልተቀበለችም።

«ጠግቤያለሁ። እሑድ መተማ እንሻገርና ቄሱ ይባርኩን።»

እርቅ ሳይወርድ ደመኛ ከደመኛው ጋር ከአንድ ዕቃ አይጠጣም። ሃይለማርያም የጎንደር ቆላ ሰው ነው፤ ይህን እንደሚያውቅ ታውቃለች። በየቀኑ ብርጭቆውን ዘረጋላት፤ በየቀኑ ሰበብ አገኘች። ሐሙስ ዕለት መተማ ለሚኖረው ለባንታምላክ ደወለች። ባንታምላክ የወንድሟ ልጅ ነው፤ አባቱ ሲገደል ገና በእናቱ ሆድ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሃይለማርያም ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ መጣ።

«አያ ሃይሌ፣ ወደ ሱዳን መሀል፣ ወደ መፋዛ የሚሄደው ሎሪ አሁን ይነሣል» አለችው፣ ፊቱን ሳታይ። «ከፈለግህ ሂድ።»

«ብሄድ ትጠጪልኛለሽ?»

ብርጭቆውን አጥባ ደፋችው።

«እንግዲያ እንሻገር።»

ድልድዩን እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሻገሩ። ማዶ፣ ከዛፉ ሥር ባንታምላክ ጠመንጃውን ይዞ ተነሣ። እጇን ቀድሞ የለቀቀው ሃይለማርያም ነው፤ ጥይቱ እንዳያገኛት ከእሷ ራቅ ብሎ ቆመ።

ያለምወርቅ ብቻዋን ገላባት ተመለሰች። ውኃ ጣደች። በእሱ ብርጭቆ ሻይ ቀዳች። የወንድሟ ደም ተመልሷል፤ ከእንግዲህ አብሮ መጠጣቱ ነውር የለበትም። ግማሹን ጠጣችና የቀረውን እሱ ይቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ አኖረችለት።

ሻዩ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።