በሰም የታተመው ቀንድ

ኤልሚት ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ ፍየሎቹን አለበች፤ የአባቷን ካባ ደረበች። ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ግድግዳው ቀና ስትል ቀንዱ በሚስማሩ ላይ አልነበረም። ከመስኮቱ ሥር ግራጫ ላባ ወድቋል።

በዘርሚን መንግሥት ወደ ጦርነት የሚሄድ አባት ብቻውን ተቀምጦ ለሴት ልጁ ቃሉን በቀንድ ውስጥ ይናገርና በሰም ያትመዋል። ልጅቱ አድጋ እንደ ሴት መቀነት በምትታጠቅበት ቀን ቀንዱ ይከፈታል፤ ድምፁ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ይጠፋል። የኤልሚት አባት ከዘመቻ አልተመለሰም። የመታጠቂያዋ ቀን ደርሷል።

ላባው የሞርጋ ነበር፤ ከተራራው ገደል ላይ የሚኖረው፣ ድምፅ የሚበላው አሞራ።

«በዚህ ካባ እምላለሁ፤ ቀንዱን ሳላመጣ አልመለስም!» አለች።

እናቷ ዳሪና የካባውን ቁልፍ ቆለፈችላት። «እዚያ ላይ ይበርዳል» አለቻት።

ጓደኛዋ ጣሊሳ አብራት ወጣች።

«አባትሽ ሲጠራሽ ምን ይሰማሻል?» አለች ኤልሚት በመንገድ ላይ።

«ምን ይሰማኛል? አቤት እላለሁ። አትጉበጪ ይለኛል።»

«ሴት መሆንን ከእሱ አልተማርሽም?»

«ከአባዬ? እሱ ጢሙን ማበጠር እንኳ አልተማረም!»

ኤልሚት ሳቀች፤ ጥያቄው ግን አልለቀቃትም። በአባቷ ካባና ጦር አድጋለች። የመንደሩ ልጆች «አንተ» እያሉ ሲያበሽቋት አንዳንዴ ይከፋታል፣ አንዳንዴ ደስ ይላታል። የትኛዋ እንደሆነች ቀንዱ የሚነግራት ይመስላት ነበር።

ሞርጋን በገደሉ አፋፍ፣ በተሰረቁ ቀንዶች ክምር ላይ አገኙት። ኤልሚት ጦሯን ሰብቃ ስታዘናጋው ጣሊሳ ከኋላው ዞራ የኤልሚትን ቀንድ ነጥቃ ወረወረችላት። አሞራውም ወደ ጣሊሳ ዞሮ አየሩን ሳበ። ጣሊሳ ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም።

«ድምፅ በድምፅ» አለ ሞርጋ በማያውቁት ሽማግሌ ድምፅ። «ሰሙ ሳይነካ ስጪኝ፤ የእሷን እተፋዋለሁ።»

ኤልሚት ቀንዱን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ጣሊሳ እጇን እያወዛወዘች እንዳትሰጠው ለመነቻት። ኤልሚት ወረወረችለት።

ዋጠው። «እብድ!» የሚል የጣሊሳ ጩኸት ገደሉን ሞላው፤ በዚያው ቅጽበት የኤልሚት ጦር የአሞራውን ጉሮሮ ወጋ፤ ሞርጋም ቀንዱን በሆዱ እንደያዘ ገደል ገባ።

የቀሩትን ቀንዶች ተሸክመው ወረዱ። በመታጠቂያው ቀን የሌሎቹ ልጃገረዶች ቀንድ አንድ በአንድ ተከፈተ። የአንዷ አባት አጥሩን እንዳትረሳ ይነግራታል፤ የሌላዋ ያስላል፣ ይስቃል። ኤልሚት ሁሉንም ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች።

«አንቺንስ ያለ ቀንድ ማን ታጠቂ ይልሻል?» አሏት አስታጣቂው አዛውንት።

«እኔ ራሴ፣ አባባ። ገና ብዙ የማላውቀው አለ፤ ሴት መሆኔን ግን አውቃለሁ።»

መቀነቷንም በአባቷ ካባ ላይ ታጠቀች።

ሚስማሩ ዛሬም ባዶ ነው። አባቷ ምን ብሏት እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም።