የጠፉት ሃያ ሁለት ደቂቃዎች

የሬዲዮ ማሠራጫ ጣቢያዋ ኃላፊ ጓድ ለይኩን የሞተው ሐሙስ ጠዋት፣ የማሠራጫውን የብረት ሣጥን ከፍቶ አቧራ ሊጠርግ ሲል ነው። የፖሊስ መርማሪዋ መቶ አለቃ አገርነሽ ስትደርስ በጀርባው ተዘርሮ፣ መጥረጊያ ጨርቁን እንደጨበጠ አገኘችው። ቀኝ እጁ ከሰል መስሏል። የሣጥኑ በር ሲከፈት ኃይሉ በራሱ መቋረጥ ነበረበት፤ ለዚሁ ጉዳይ የተቀመጠ ኮምፒውተር አጠገቡ እያለ ሰውየው ተቃጠለ።

ጣቢያዋ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሀል የተሸጎጠች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። ሠራተኞቿ ከሟቹ ጋር አራት ብቻ ናቸው። ዘመኑ 1979 ነውና እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ሲሞት «አደጋ ነው» ብሎ የሚያልፍ አለቃ የለም። የደህንነት ሰዎች ደውለው «ቴክኒሺያኑን አዘጋጂልን፤ ስምንት ሰዓት ላይ እንወስደዋለን» ብለዋታል። እነሱ የወሰዱት ሰው እንደማይመለስ አገርነሽ ታውቃለች። ከዓመታት በፊት አንድ ንጹሕ ሰው ሲወሰድባት ዝም ብላ ነበር፤ ያ ዝምታዋ ዛሬም ያንገበግባታል።

ቴክኒሺያኑ ከማለዲን በካቴና ታስሮ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጀርመን አገር ተምሮ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው።

«ለይኩንን ትጠላው ነበር?»

«በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አብዮት ጥበቃ ሆኖ ወንድሜን ሳልህን አስረሽኖታል። ምን ይመስልዎታል?»

«ታዲያ ከሥሩ እንዴት ሠራህ?»

«በዚህ ጊዜ ሥራ ይመረጣል እንዴ?»

አገርነሽ በአገጯ ኮምፒውተሩን አመለከተች። «ይሄስ ለምን ዝም አለ?»

«ኮምፒውተሩ የራሱን ሥራ ይሠራል። አስቸኳይ ነገር ሲመጣ በሽቦ ይቀሰቅሱታል፤ የያዘውን ትቶ ይሰማል። እኛ ማቋረጫ እንለዋለን። የሣጥኑ በር አንድ ማቋረጫ አለው፤ ሙቀቱ ሌላ፤ ሰዓቱም ሌላ።»

«ሰዓቱም?»

«ሰዓቱማ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ነው የሚቀሰቅሰው። እሱን እየቆጠረ ነው ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቀው።»

«እንዳይሰማ ጆሮውን መድፈን ይቻላል?»

«ይቻላል። እያንዳንዱን ለብቻው፣ ወይም ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ።» ከማለዲን ቀና አለ። «እንዲህ እያልኩ ራሴን እያሳሰርኩ ነው፣ አይደል?»

«እሱን ለእኔ ተወው» አለችው።

ዘበኛው ሀብተወልድ ስድሳን የተሻገሩ፣ ደብተራቸውን ከብብታቸው የማይለዩ ሰው ናቸው።

«ከማለዲን ሦስት ሰዓት ላይ ናፍጣ ሊያመጣ በመኪና ወረደ፤ ይኸው ጽፌዋለሁ። ሦስት ተኩል ሲል ከውስጥ ጧ! አለ፤ ሙሚና ጮኸች። ሮጬ ገብቼ ዋናውን ኃይል አጠፋሁና ከበሩ ስልክ ፖሊስ ጠራሁ። ከማለዲን ለአራት አምስት ጉዳይ ሲመለስ አላስገባሁትም፤ እናንተ እስክትመጡ ከጎኔ አልተለየም።»

«ኮምፒውተሩን መነካካት ያውቁበታል፣ አባባ?»

«እኔ? የፈረንጅ ፊደል መልኩንም አላውቀው!»

ሙሚና የጣቢያዋ መዝገብ ያዥ ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሻሿ ያልተዛነፈ፣ ዓይኗም ያላለቀሰ።

«ኮምፒውተሩን ታውቂዋለሽ?»

«ሁልጊዜ ጠዋት ሰዓቱን ከሬዲዮ ጋር አመሳክሬ እመዘግባለሁ። ከዚያ ያለፈው የከማለዲን ሥራ ነው፤ እሱን ይጠይቁት።»

«ዛሬስ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ አየሁት። ልክ ነበር።» መዝገቡ ላይ በራሷ እጅ ሰፍሯል።

«ለይኩን ዛሬ ሣጥኑን እንደሚከፍት ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም። በየሐሙሱ ሦስት ተኩል ላይ ነው የሚጠርገው። እምነቱ በበሩ ነው፤ ዋናውን ኃይል አጥፍቶ አያውቅም።»

አገርነሽ የሙሚናን ጠረጴዛ ቃኘች፤ የጽሕፈት መኪናና አንድ ማኅደር አለበት። ማኅደሩን እያገላበጠች ቆየች። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የሚነበበውን ሰዓት አየች፤ አምስት ከአርባ ስምንት ይላል። የእጅ ሰዓቷ ስድስት ከአሥር ነው። ሬዲዮ ከፍታ አመሳከረች፤ የእጅ ሰዓቷ አልተሳሳተም።

ሰባት ሰዓት ላይ ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ኮምፒውተሩ ሃያ ሁለት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል። ጠዋት ልክ ነበር፤ ሙሚና መዝግባዋለች። ባትሪ ስላለው ዋናው ኃይል ሲጠፋ አልቆመም። ታዲያ ሃያ ሁለቱ ደቂቃ የት ገባ?»

ከማለዲን ቀድሟት ገባው። «ሁሉም ማቋረጫ ተደፍኗል። በሩ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም።»

«ለሃያ ሁለት ደቂቃ። ለይኩን ከሞተ በኋላ ሰው መልሶ ከፍቶታል። አንተ ብትሆን ከሦስት ሰዓት በፊት ደፍነህ መሄድ ነበረብህ፤ እስክትመለስ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ይሞላል። ተመልሰህም እዚህ አልገባህም፤ ማን ይክፈትልህ? አባባ ፊደሉን አያውቁም።»

ሀብተወልድ እፎይ አሉ። ሙሚና ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ሌላም አለ» አለች አገርነሽ። «ይህን ማሽን የሚያውቅ ሰው የበሩን ብቻ ለይቶ ይደፍን ነበር። ሰዓቱ ሳይዛባ፣ ማንም ሳይነቃበት። ሁሉንም የደፈነው ለይቶ መድፈን ያልተማረ ሰው ነው።» ማኅደሩን ከማለዲን ጭን ላይ አኖረችው። «ያንተ የማሠልጠኛ ጽሑፍ ነው። ሁሉንም መድፈኛውና መክፈቻው እዚህ አለ። እያንዳንዱን ስለ መድፈን ‹በሚቀጥለው ክፍል› ይላል። የሚቀጥለው ክፍል የታለ?»

«ገና አልጻፍኩትም።»

«ይህን ማን ተየበልህ?»

ከማለዲን ቀስ ብሎ ወደ ሙሚና ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለች ሙሚና። ድምፅዋ ደረቅ ነው። «ሳልህ እጮኛዬ ነበር። የኒካሃችን ቀን ተቆርጦ ነበር።»

«ለይኩንን ለምን እንደጠላሽው ገባኝ» አለች አገርነሽ፤ ቆሽቷ አርሯል። «ይሄ ግን የሳልህ ወንድም ነው! ለሞት ሲታሰር እያየሽ ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም፤ እኔ ነኝ ያሳሰርኩት። ማሽኑን የመረጥኩት ከእሱ በቀር የሚጠረጠር ስለሌለ ነው። ለይኩን አምና ሰክሮ ሳቀብኝ። ‹ሳልህ ኮተቤ መደበቁን ማን የነገረን ይመስልሻል? ወንድሙ ነው፤ ሁለት ጥፊ እንኳ አልፈጀም› አለኝ። ስለዚህ ሁለት ዕዳ ነበረብኝ። አንዱን በኤሌክትሪክ፣ አንዱን በእናንተ እጅ።»

አገርነሽ ከማለዲን ሐሰት ነው እንዲል ጠበቀች። አላለም። አንገቱን ደፋ።

ስምንት ሰዓት ላይ የደህንነት መኪና ሲመጣ አገርነሽ ሙሚናን አስረከበች። ንጹሕ ሰው አትርፋለች፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ሙሚና በሩ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ዞረች። አንጀቷ ቅቤ የጠጣ ሰው ፊት ነበራት።

«ከማለዲን» አለችው። «እናትህ እማማ ፋዲላ ሳልህን ያስያዘውን ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲረግሙት ኖረዋል። ዛሬም ማታ ይረግሙታል። እንግዲህ አጠገባቸው ተቀመጥና አሚን በል።»

መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ። አገርነሽ ካቴናውን ፈታችለት።

«ነፃ ነህ። ሂድ ወደ ቤትህ» አለችው።

ከማለዲን ከበርጩማው አልተነሣም።