ሟቹ እጅ ውስጥ የተገኘው ቡናማ ቁልፍ

ሬሳው እጅ ውስጥ አንድ ቁልፍ ነበር። የበር ቁልፍ አይደለም፣ የኮት ነው፤ ቡናማ፣ አራት ቀዳዳ ያለው።

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። በገና ቀን ቤተሰቡን ይዞ የድሮ ነገሥታት ግንብ ሊያስጎበኝ መጥቶ፣ ከአጥሩ አናት ላይ ወደ ደረቁ ቦይ ወድቆ በአፍ ጢሙ ተደፍቷል። ጎብኚውን ሁሉ ዘበኞቹ አስወጥተውታል። ከውጭ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል፤ ምን እንደተፈጠረ ማንም አልነገራቸውም።

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን በየሦስት እርከኑ እያረፈች ወረደች። ጉልበቷ አይታዘዝላትም። ፖሊሶቹ በሌለችበት «እማማ ለምን» ነው የሚሏት። ስሙን ማን እንዳወጣላትም ታውቃለች፤ ምንም አትለውም፣ በየበዓሉ ብቻ ተረኛ ታደርገዋለች። ዛሬም አጠገቧ የቆመው እሱ ነው።

«መጀመሪያ የደረሰው ማነው?»

«ታናሽ ወንድሙ ነው። የድሮ ጦር መሣሪያ የሚታይበት ክፍል በር ወደዚህ ይከፈታል፤ ከዛ ሮጦ መጥቶ እጁን ይዞ ሲያለቅስ አገኘነው» አለ ፖሊሱ። «ቁልፉ ደግሞ የሟቹ ሴት ልጅ ባል ነው። ኮቱ ላይ ሁለተኛው ቁልፍ የለም። በካቴና አስቀምጬዋለሁ። ጉዳዩ ያለቀ ነው፣ እመቤቴ።»

«ለምን አለቀ?»

ፖሊሱ በረጅሙ ተነፈሰ።

ቤተሰቡን ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። አርባ ሰው የሚያስተናግድ ጠረጴዛ ነው፤ እነሱ ግን አራት ናቸው፦ ሚስትየው፣ ልጅየው፣ የልጅየው ባልና የሟቹ ወንድም። ልጅየው የአምስት ወር እርጉዝ ናት። የታሰረውን የባሏን እጅ ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች። ቡናማው ኮት መሃላቸው ተዘርግቷል።

«ጠዋት መኪና ውስጥ ተጣልተዋል» አለች ሚስትየው፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ባሌ፣ ስፌት ቤት ግባና ቅድ ላስተምርህ አለው። ሠላሳ ዓመት ለማንም ያላስነካውን መቀስ ሊሰጠው ነው እኮ። ይሄ ግን እኔ የሰው ሱሪ ስቀድ አልኖርም ብሎ ጮኸበት። ኮቱን እራሱ ሰፍቶ ያለበሰውን ሰው።»

«ጮኸሃል?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ጮኼያለሁ። እኔ የህንፃ ንድፍ ነው የምሠራው፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን አልገደልኩም። ሽንት ቤት ነበርኩ።»

«ማን አየህ?»

«ሽንት ቤት ውስጥ ማን ያየኛል?»

«ኮቱስ?»

«ስንገባ ሞቆኝ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጥዬው ነበር። ስመለስ ለበስኩት። ቁልፉ መጉደሉን አላየሁም።»

ይሄን ሲል የሚስቱ እጅ ቀስ ብሎ ከእጁ ላይ ተነሳ። ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ባሏ አየ። ኢንስፔክተሯም አየች።

«አባዬ ወድቆም ሊሆን ይችላል» አለች ልጅየው፣ ማንንም ሳታይ።

«ቁልፍ ይዞ?» አለች እናትየው። «ይሄ ሰው ገዳይ ነው። ለገዳይ ነው የዳርኩሽ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ወንድምየው ዞረች። ቀጭን ሰው ነው፤ ሲቀመጥም እንደ ጎበጠ ነው። አመድማ ሹራብ ለብሷል።

«ሹራቡ ያምርብዎታል።»

«እሷ ናት» አለ ልጅየውን እያየ። «የገና ስጦታ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ስንደርስ ነው ከላስቲኩ አውጥቼ የለበስኩት።»

«ኮቱን ነክተውት ነበር?»

«በጣቴም። ከገባን ጀምሮ ጎራዴ ሳይ ነበር።»

«እርስዎም ስፌት ቤቱ ነው የሚሠሩት?»

«ሠላሳ ዓመት። የስፌት መኪና ላይ።»

«ቅዱንስ?»

«ቅድ የእሱ ነበር።»

«እስቲ ይንገሩኝ፤ ወንድምዎ ቁልፍ ሲሰፉ እንዴት ነበር?»

እዚህ ጋ ሰውየው ቀና አለ። ስለ ሥራው የጠየቀው ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። «ክሩን በሰም ያሸዋል። ከውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ ቁልፍ ደግፎ ነው የሚሰፋው። የእኛ ቤት ቁልፍ በሬ ቢጎትተው ጨርቁ ይቀደዳል እንጂ አይወልቅም።»

ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ። ግን ቃሉ አንዴ ከአፉ ወጥቷል።

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «እንግዲህ ይሄን ኮት እዩት። ሟቹ እየወደቁ ቁልፍ ነቅለው ቢሆን፣ አሁን እንደሰማነው፣ ጨርቁ ይቀደድ ነበር። አልተቀደደም።»

«ተቆርጧል ማለት ነው» አለ ፖሊሱ።

«ጎሽ። አንተ ብትቆርጠው ምን ይቀራል?»

ፖሊሱ አሰበ። «የክር ጫፍ።»

«እኔም ብቆርጠው የክር ጫፍ ይቀራል። እዚህ ግን አንድም የለም። የውስጡም ቁልፍ የለም። ጫፎቹን አንድ በአንድ የለቀመ ሰው አለ። ለምን? ለወንጀሉ ምንም አይጠቅመውማ። አልታወቀውም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልብስ ሲያድስ የኖረ እጅ፣ ጨርቅ ላይ ክር ጥሎ መነሳት አይችልም።»

«ባሌም እንደዛ ነበር» አለች ሚስትየው፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «የሰው ቤት ሄደንም ከሶፋ ላይ ክር ይለቅማል።»

«የለቀመውን የት ያደርገው ነበር?»

«ደረቱ ላይ ይለጥፈዋል። ልብስ ሰፊ ክር መሬት አይ...»

አልጨረሰችውም። ሁሉም የወንድምየውን ደረት አየ። ኢንስፔክተሯ ተነስታ ጠረጴዛውን ዞረች፤ በሁለት ጣቷ ከአመድማው ሹራብ ላይ፣ በግራ በኩል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቡናማ ክር አነሳችና ወረቀት ላይ አስቀመጠች። አጫጭር ናቸው። ሰሙ ጣቷ ላይ ቀረ።

«ከስፌት ቤቱ ነው እንዳይሉኝ፣ ሹራቡ ስፌት ቤት ገብቶ አያውቅም። ከጦር መሣሪያው ክፍል ወደ አጥሩ አናት የሚወጣ ደረጃ አለ፤ ቅድም እየሰደብኩት ወጥቼዋለሁ። ገፉት፣ ወረዱ፣ ቀድመው ደረሱ፣ ቁልፉን እጁ ውስጥ አስያዙት። ከዛ አለቀሱ። ለቅሶው የውሸት ነበር አልልም።»

ወንድምየው እጁን ኪሱ ከተተ፤ ፖሊሱ ተንደረደረ። ያወጣው ግን ትንሽ የክር መቀስ ነው። ከመቀሱ ጋር የውስጡ ቁልፍ፣ እና ክር የተሰካባት መርፌ።

«መርፌው ለምንድነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«መልሼ ልሰፋው ነበር።» የልጅየውን ባል አየው። «አንተ እምቢ ስትል ደስ አለኝ። አሁንማ ሌላ ሰው የለውም ብዬ። ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ እምቢ ሊለኝ ይችላል። ቁልፉን ቆርጬ ያዝኩና ላይ ይዤው ወጣሁ፤ እሺ ካለኝ ወርጄ እሰፋዋለሁ፣ ማንም አያውቅም። እኔን አስተምረኝ አልኩት። አንተ እምቢ ያልከውን ነገር እኔ ሠላሳ ዓመት ስለምነው ነበር እኮ።»

«ምን አለዎት?»

«ሳቀ። አንተ መኪናህን ርገጥ አለኝ።»

ሚስትየው በሰለለ ድምፅ «ወንድሜ ነበርክ» አለችው። ይዘውት ሲወጡ ልጅየው ከወንበሯ ብድግ ብላ ነበር፤ እንደ ልማዷ አጎቷን ልትሸኝ። መሃል መንገድ ላይ ትዝ አላትና ቆመች።

ፖሊሱ ካቴናውን እየፈታ «ይቅርታ ወንድሜ» አለ። ባልየው የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ። ሚስቱ ተከተለችው። ከመኪናው ሁሉ የቀረው የእነሱ ብቻ ነበር።

«አንቺም እኔ መስዬሽ ነበር?» አላት።

ልትዋሽለት ትችል ነበር። አፏ ድረስ መጣላት።

«አዎ» አለችው። «ትንሽ ደቂቃ።»

አንገቱን ነቀነቀ። አማቱን ደግፎ ከኋላ አስገባት፤ ያቺ ገዳይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ሚስቱ የፊቱን በር ልትከፍት እጇን ስትሰድ ቀደማትና የኋላውን ከፈተላት።

«ከእማዬ ጋር ሁኚ» አላት። አልተቆጣም። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋላትና፣ ዞሮ መሪው ጋ ብቻውን ተቀመጠ።