የሐጂ አብዱሰላም ሁለት ሙክቶች

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፣ የጨፋ ሸለቆ ማሽላ ታጭዶ ከብቱ ቃርሚያ በሚግጥበት ሰሞን፣ ወደ ሐጂ አብዱሰላም ግቢ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ የላካቸው የከሚሴው እህል ነጋዴ የአቶ ኪዳኔ ልጅ ወንዴ ነበር፤ የሚጠይቁትም የሐጂን ልጅ ቶይባን ነበር።

ቶይባ በጨፋ ሮቢት የከብት ሐኪም ናት፤ ወንዴን ያወቀችው የታመመ በሬ ይዞላት በመጣ ጊዜ ነው። እሷ ሶላቷን፣ እሱም ቅዳሴውን ሳይተዉ አብረው ሊኖሩ ከተማመኑ ቆይተዋል።

ሐጂ ሁለት ሙክት አስመጡ፤ አንዱን ራሳቸው አረዱ፤ ለሁለተኛው ግን ቢላዋውን ለሽማግሌዎቹ መሪ ለአቶ ይበልጣል አቀበሉና፣ «በእናንተ ደንብ ባርከው ይረዱት» አሏቸው። የጨፋ ወግ እንዲህ ነው፤ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ግቢ ይበላሉ፤ ሥጋቸው ግን አይቀላቀልም። ሽማግሌዎቹ ይህን ክብር እንደ እሺታ ቆጠሩት፤ በጓዳ ሆና የምትሰማው ቶይባም እንዲሁ፤ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ነበር።

ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጁን እንደ ልጄ እወደዋለሁ፤ ወላሂ! ካልሰለመ ግን ልጄን አልሰጥም።»

«አቶ ኪዳኔም ‹ትጠመቅ› ነው የሚሉት» አሉ አቶ ይበልጣል አንገታቸውን ደፍተው፤ «እኛማ በእርስዎ በኩል ይለዝባል ብለን ነበር።»

«እንግዲያው ከኪዳኔ ጋር አልተለያየንም!» አሉ ሐጂ፤ ተቃቅፈውም ተሰነባበቱ። ቶይባን የጠየቃት አልነበረም። ለሙክት ሁለት ደንብ የፈቀዱ ሰዎች፣ ለሁለት ልጆች ሁለት ደንብ የሚኖርበት አንድ ቤት ነፈጉ! ይህ ካላንገበገበ ምን ያንገበግባል?

በሳምንቱ በከሚሴ የአብሮነት በዓል ተከበረ። ሐጂና አቶ ኪዳኔ የመቻቻል አርአያ ተብለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መድረክ ወጡ፤ ሐጂም በሬዲዮ ጋዜጠኛው ፊት፣ «እኛ በሃይማኖት አንለያይም» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቶይባ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«አባ፣ ካልተለያያችሁ እኔና ወንዴን ምን ለየን?»

«ታኢ! ተቀመጪ፤ አታዋርጂኝ!»

«አልቀመጥም። እኔ ዲኔን አልተውም፤ እሱንም ሃይማኖትህን ተው አላልኩትም። ለእንግዳ ያልጠበበ ቤት ለልጅ ጠበበ? ሙክቱ ከእኔ ይከበራል ማለት ነው?»

ያጨበጨበ አልነበረም። ሁለቱ አባቶች ግን የተያያዘ እጃቸውን አላላቀቁም፤ ልጆቻቸውን በመከልከል እንደተስማሙት በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

ቶይባና ወንዴ በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ሬዲዮው የእሷን ድምፅ ቆርጦ ጭብጨባውን ብቻ አስተላለፈ፤ የዘመኑ ታሪክም የያዘው በአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሁለቱን አባቶች ፎቶግራፍ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይደነቅበታል። በከሚሴ በአንድ የኪራይ ቤት ቶይባ ለሱብሒ ሶላት በንጋት ትነሣለች፤ ወንዴም ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ያን በር ያንኳኳ አባት እስከ ዛሬ የለም።